የጥይት ሣጥን፦ ብረት ወይስ ፕላስቲክ?

ከዓባይ በረሃ እስከ መካነ ሰላም ደጋ

መግቢያ

ወግዲ በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ጫፍ የሚገኝ ወረዳ ሲሆን፣ ከምሥራቅ ጎጃም የሚለየው የዓባይ ሸለቆ ነው። ከሸለቆው ተነሥቶ ወደ ወግዲ፣ ከዚያም ወደ ጎረቤቱ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ወደ መካነ ሰላም የሚወጣ መንገደኛ በአጭር ጉዞ ውስጥ ቆላን፣ ወይና ደጋንና ደጋን ያያል። ሙቀቱ፣ የአየሩ ግፊትና እርጥበቱ ከመንገዱ ጋር አብረው ይለዋወጣሉ። ለሰው ይህ ለውጥ ጋቢ የማውለቅና የመደረብ ጉዳይ ነው፤ ለዓመታት ተከማችቶ ለሚቀመጥ ዕቃ ግን የመትረፍና የመበላሸት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ካሉት ዕቃዎች አንዱ ጥይት ነው። በወሎና በጎጃም ደጋዎች ጠመንጃ ከሞፈርና ከቀንበር ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የኖረበት ዘመን ረዥም ነው። ዛሬም ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ገበሬ፣ የቀበሌ ሚሊሻና የወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ጥይት ያስቀምጣሉ። በዚህ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ለማስቀመጫ የሚሻለው የብረት ሣጥን ነው ወይስ የፕላስቲክ? ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ግን የዝገትን ኬሚስትሪ፣ የጋዞችን ሕግና የባሩድን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን የሣጥን ዓይነቶች እናነጻጽራለን፤ በመጨረሻም ሣጥኑ ከተሠራበት ቁስ ይበልጥ ሚዛን የሚደፋ ሌላ ነገር እንዳለ ለማሳየት እንሞክራለን።

እያንዳንዱ ጥይት ራሱ ሣጥን ነው

አንድ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት። እነርሱም ቀለሁ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከግርጌው የተተከለው ማቀጣጠያና ከአፉ የተወተፈው እርሳስ ናቸው። ቀለሁ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከናስ ነው። ናስ ደግሞ 70 በመቶ ያህል መዳብና 30 በመቶ ያህል ዚንክ የተዋሐዱበት ቅይጥ ብረት ነው። ስለዚህ የጥይት ሣጥን ስንል በእርግጥ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ሣጥን ነው፤ የመጀመሪያው ቀለሁ ራሱ ነው።

የዚህን የመጀመሪያ ሣጥን ዋጋ የአገራችን ታሪክ ያስረዳናል። ጥንታዊው ጥቁር ባሩድ 75 በመቶ ፖታስየም ናይትሬት፣ 15 በመቶ ከሰልና 10 በመቶ ድኝ ገደማ የያዘ ድብልቅ ነው። በተለይ ናይትሬቱ በሚገባ ሳይጣራ ሲቀር በውስጡ ያሉት ባዕድ ጨዎች እርጥበትን ከአየር ይስባሉ፤ ያን ጊዜ ባሩዱ ይረጥባል፣ ይጓጉላል፣ እሳትም አይቀበልም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዛሬ በደቡብ ወሎ በምትገኘው በመቅደላ አምባ በተፋጠጡት ሁለት ሠራዊቶች መካከል ከነበሩት ልዩነቶች አንዱ ይኸው ነበር። ከዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ብዙዎቹ ባሩድና እርሳስ ከአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ የታጠቁ ሲሆኑ፣ የእንግሊዝ እግረኞች ግን ከኋላው የሚጎርሰውን ስናይደር ጠመንጃ ይዘው ነበር። የስናይደር ጥይት ባሩዱን፣ ማቀጣጠያውንና እርሳሱን በስስ የናስ ቀለህ ውስጥ በአንድነት የያዘ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት በናስ የተለበጠው ጥይት በኢትዮጵያ እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ በብዙ ገበያዎች ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን መገበያያ ሆኖ አገልግሏል። ገንዘብ የሚሆን ነገር ሳይበላሽ መቆየት አለበት። በቀንድ የተያዘ ባሩድ ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር፤ ናስ የለበሰው ጥይት ግን ቻለ።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሣጥን ፍጹም አይደለም። በእርሳሱና በቀለሁ አፍ መካከል፣ እንዲሁም በማቀጣጠያው ዙሪያ እጅግ ጠባብ ክፍተቶች አሉ። ለጦር ሠራዊት የሚመረቱ ጥይቶች ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ቫርኒሽ ይቀባሉ። ቫርኒሹ ካረጀ ወይም ከመጀመሪያውም ካልነበረ እርጥበት ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

የናስ ጠላቶች፦ ቆዳና ጋጣ

ናስ እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ነገር ግን የራሱ ጠላቶች አሉት። የመጀመሪያው ጌጥ መስሎ የሚታየው የቆዳ ዝናር ነው። ከዕፅዋት በተገኘ ማልፊያ የለፋ ቆዳ ታኒን የተባሉ አሲዳዊ ውሁዶች አሉበት። እነዚህ ከእርጥበት ጋር ሲገናኙ ከናሱ መዳብ ጋር ተዋሕደው አረንጓዴ ንጣፍ ይሠራሉ። ጥይት በዝናር ለአንድ ጉዞ ቢያዝ ችግር የለውም፤ ክረምቱን በሙሉ በዝናር ከሰነበተ ግን ቀለሁ ይበላል።

ሁለተኛው ጠላት የአሞንያ ጋዝ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ጥይቱን በፈረስ ጋጣዎች ሲያከማች፣ ቀለሆቹ በዝናቡ ወራት ማንም ሳይነካቸው ይሰነጠቁ ነበር። ነገሩ ከወቅቱ ጋር ስለተያያዘ «የወቅት ስንጥቅ» የሚል ስም ተሰጠው። ምክንያቱ ከጊዜ በኋላ በምርምር ታወቀ። ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞንያ ከእርጥበት ጋር ተባብሮ፣ በፋብሪካ ሲቀጠቀጥ ውጥረት የቀረበትን ናስ ያጠቃዋል። መድኃኒቱም ቀለሁን በፋብሪካ ውስጥ እንደገና በልኩ አሙቆ ውጥረቱን ማርገብ ሆነ። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ደገኛ ቤት ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። የበረት ሽታ በሚሸትበት ቦታ አሞንያ አለና፣ በዚያ የተቀመጠ ጥይት ክዳኑ በደንብ የሚዘጋ ሣጥን ያስፈልገዋል።

የብረት ሣጥን

ኢትዮጵያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከሁለቱ ኃያላን መንግሥታት መሣሪያ በመቀበሏ የሁለቱንም የሣጥን አሠራር አውቃለች። ከ1945 ዓ.ም. የመከላከያ ስምምነት ጀምሮ ከአሜሪካ የመጣው ጥይት በታወቀው አረንጓዴ የብረት ሣጥን ይታሸግ ነበር። የሣጥኑ ክዳን ሲከረቸም መካኒኮቻችን «ጓርኒሲዮን» የሚሉትን የጎማ ማሸጊያ ይጫናል፤ ሣጥኑም ደጋግሞ ሊከፈትና ሊዘጋ ይችላል። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ጥይት ደግሞ እንደ ታሸገ የዓሣ ቆርቆሮ ዙሪያውን በተዘጋ የብረት ጣሳ ተደርጎ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ይህኛው ጎማ የለውም፤ አንዴ ከተቀደደ ግን ተመልሶ አይዘጋም።

የብረት ትልቁ ብልጫ የውኃ ትነት በግድግዳው ውስጥ ፈጽሞ የማያልፍ መሆኑ ነው። የአይጥ ጥርስም አይበሳውም፤ ቢደራርቡትም አይጎብጥም። ድካሙ ያለው በሌላ ቦታ ነው። ቀለሙ በተፋቀበት ይዝጋል። የክዳኑ ጎማ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። እርጥብ ሆኖ ናስ ከተራቆተ ብረት ጋር ከተነካካ፣ ሁለቱ እንደ ትንሽ ባትሪ ሆነው የብረቱን መበላት ያፋጥናሉ። በተጨማሪም ብረት ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከፖሊኢትሊን 100 እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ሌሊት ግድግዳው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ የታሰረው እርጥበትም ጤዛ ሆኖ በዚያ ላይ ያርፋል።

የፕላስቲክ ሣጥን

ፕላስቲክ አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ከናስ ጋርም ባትሪ አይሠራም። የፖሊኢትሊን ጥግግት ከውኃ በጥቂቱ ሲያንስ፣ የብረት ግን የውኃን 8 እጥፍ ያህል ነው። አቀበት ለሚወጣ ሰውና በቅሎ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ሆኖም ፕላስቲክ ለዓይን ድፍን ይምሰል እንጂ ለውኃ ሞለኪውል ድፍን አይደለም። ረዣዥሞቹ የፖሊመር ሰንሰለቶች መካከል ባሉት ክፍተቶች የውኃ ትነት እጅግ በዝግታ ይሰርጋል። ወፍራም ግድግዳ ባለው ሣጥን ለወራት ጉዳቱ አይታወቅም፤ ለብዙ ዓመታት ክምችት ግን ይታሰባል። የደጋ ፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ሰንሰለቶቹን ይበጣጥሳል፤ ደጅ የከረመ ጄሪካን በእጅ ሲጫኑት የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ክዳኑ በሙቀት ከተጣመመ ጎማው በእኩል አይጫንም። እንዲሁም ደረቅ ፕላስቲክ ሲፋተግ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ባሩዱ በብረት ቀለህ ተከብቦ ላለ ጥይት ይህ እምብዛም አያሰጋም፤ ለልቅ ባሩድ ግን አደገኛ ስለሆነ እንዲህ ያለ ባሩድ በተራ ፕላስቲክ ዕቃ መቀመጥ የለበትም።

በእሳት ጊዜ ሁለቱም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ራሱም ነዳጅ ይሆናል። ብረት አይነድም፤ ነገር ግን ጠንካራና ጥብቅ የሆነ ዕቃ ውስጥ የሚነድ ባሩድ መውጫ አጥቶ ግፊቱ ስለሚያይል፣ መንደድ የነበረው ወደ ፍንዳታ ሊለወጥ ይችላል። ለልቅ ባሩድ የሚሠሩ ዕቃዎች በዝቅተኛ ግፊት እንዲከፈቱ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

ከቆላ ወደ ደጋ፦ ትንሽ ስሌት

አሁን ሣጥናችንን ይዘን ከዓባይ ሸለቆ ወደ መካነ ሰላም አቅጣጫ እንውጣ። ሣጥኑ 10 ሊትር የሚይዝ ነው እንበል፤ የክዳኑም ርዝመት 30፣ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የተዘጋው በ1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በዚያ የአየር ግፊት 88 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በ2,600 ሜትር ከፍታ ግን ግፊቱ ወደ 74 ይወርዳል። የ14 ኪሎ ፓስካሉ ልዩነት በክዳኑ ስፋት ሲባዛ 630 ኒውተን፣ ማለትም 64 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ክዳኑን ከውስጥ ወደ ውጭ እንደ መጫን ይሆናል። የብረቱ ክዳን ይችለዋል። ስስ የፕላስቲክ ክዳን ግን ይነፋል፤ ማሰሪያው ይላላል፤ አየሩም ያመልጣል። ሣጥኑ ተመልሶ ወደ ቆላ ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣልና የላላው ክዳን የሸለቆውን አየር ከእርጥበቱ ጋር ወደ ውስጥ ይስባል።

ቀጥሎ ስለ ጤዛ እናስላ። ሣጥኑ ሲዘጋ በውስጡ የነበረው አየር 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 80 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ነበረው ብንል፣ የያዘው የውኃ ትነት 0.18 ግራም ነው። በደጋ ሌሊት ወደ 5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ አየሩ ሊሸከም የሚችለው 0.07 ግራም ብቻ ስለሆነ፣ የቀረው 0.11 ግራም ጤዛ ይሆናል። ይህ ሁለት ጠብታ ያህል ነው። በሚገባ የታሸገ ሣጥን ዕዳው ይኸው ሁለት ጠብታ ብቻ ነው፤ ጥቂት የሲሊካ ጄል ከረጢትም ይህን ውኃ ሙሉ በሙሉ ይመጠዋል።

የሚያፈስ ሣጥን ግን ይተነፍሳል። በቀንና በሌሊት መካከል የ20 ዲግሪ ልዩነት ካለ፣ በጋዝ ሕግ መሠረት አየሩ በ7 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ይኮማተራል። ስለዚህ ባለ 10 ሊትሩ ሣጥን በየቀኑ 0.7 ሊትር አየር ያስወጣል፣ ያስገባል። በ100 ቀን ውስጥ 70 ሊትር፣ ማለትም የራሱን ይዘት 7 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በእያንዳንዱ እስትንፋስም አዲስ እርጥበት ይገባል። እንግዲህ ጎማው የተሰነጠቀ የብረት ሣጥን፣ ጎማው ጤነኛ ከሆነ የፕላስቲክ ሣጥን የባሰ መሆኑ ግልጽ ነው። እርጥበትን በተመለከተ ዳኛው ግድግዳው ሳይሆን ክዳኑ ነው።

ሣጥን የማይከለክለው ጠላት

እስካሁን የተናገርነው ከውጭ ስለሚመጣ ጠላት ነው። የዛሬ ጥይት ትልቁ ጠላት ግን ከውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ በ1884 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባውን ባሩድ ከፈለሰፈ ወዲህ ጥቁር ባሩድ ቦታውን ለናይትሮሴሉሎስ ለቋል። ናይትሮሴሉሎስ ኃይለኛ ቢሆንም ያልረጋ ውሁድ ነው። በተቀመጠበት ቀስ በቀስ ይፈራርሳል፤ ሲፈራርስም የናይትሮጂን ኦክሳይዶችን ይለቃል። እነዚህ ጋዞች ደግሞ መፈራረሱን ራሱን ያፋጥኑታል፤ ሂደቱም ሙቀት ያመነጫል። ይህን ለመግታት በባሩዱ ውስጥ እንደ ዳይፊኒልአሚን ያለ አረጋጊ ይጨመራል፤ አረጋጊው ጋዞቹን እየያዘ ያስቀራቸዋል። አረጋጊው ሲያልቅ ግን ልጓሙ ይፈታል። የታሸገ ሣጥን በዚህ ላይ ምንም ማድረግ አይችልም፤ እንዲያውም አሲዳማውን ጋዝ ከውስጥ አስሮ ያስቀረዋል።

የዚህን ሂደት ፍጥነት የሚወስነው በዋናነት ሙቀት ነው። በጥቅሉ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በ2 እጥፍና ከዚያም በላይ ይጨምራል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ በሸለቆውና በ1,400 ሜትር ከፍ በሚለው ደጋ መካከል 9 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል። ይህም ማለት በአንድ ቀን የተመረተና በአንድ ዓይነት ሣጥን የተቀመጠ ባሩድ በበረሃው ከደጋው 2 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ያረጃል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በፀሐይ ላይ ከተቀመጠማ ልዩነቱ የባሰ ነው። ከብረትና ከፕላስቲክ ልዩነት ይልቅ የቆላና የደጋ፣ የጥላና የፀሐይ ልዩነት ይበልጣል ማለት ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ አይደለም። የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ኢየናና ሊቤርቴ በ1907 እና በ1911 እ.ኤ.አ. በቱሎን ወደብ የፈነዱት ከዚሁ ከተበላሸ ባሩድ የተነሣ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ከ100፣ በሁለተኛው ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ባሩዱ ተቀምጦ የነበረው በብረት በታጠረ የመርከብ ግምጃ ቤት ውስጥ ነበር። በቆጵሮስም በ2009 እ.ኤ.አ. ከአንድ መርከብ ተይዞ በ98 የብረት ኮንቴይነሮች የተቀመጠ ጭነት፣ ባሩድ ጭምር፣ ከሁለት ዓመት በላይ በባሕር ኃይል ሠፈር ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ሐምሌ 4 ቀን 2003 ዓ.ም. ፈነዳ። 13 ሰዎች ሲሞቱ፣ የደሴቲቱን ግማሽ ያህል ኤሌክትሪክ ያመነጭ የነበረው ጣቢያም ከጥቅም ውጭ ሆነ።

ክምችት በሕዝብ መካከል ሲሆን የሚያስከፍለውን ዋጋ እኛም እናውቀዋለን። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ከንጋት በፊት በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ አካባቢ የነበረ የጥይትና የፈንጂ ማከማቻ ፈንድቶ በወቅቱ እንደተዘገበው ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል። በ1977 ዓ.ም. የወሎንና የትግራይን ረሀብ ከኮረም ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን በዚያ ዕለት ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይም ሕይወቱ አለፈ። የአንድ ክምችት እሳት መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ ጉዳቱን የሚያበዛው አንድ ነው፤ ብዙ ጥይት በአንድ ቦታ፣ ከሰው መኖሪያ አጠገብ መከማቸቱ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ብረት ወይስ ፕላስቲክ? ለረዥም ጊዜና በአንድ ቦታ ለሚቀመጥ ጥይት ክዳኑ በጤነኛ ጎማ የሚዘጋ፣ ቀለሙ ያልተፋቀ የብረት ሣጥን ይመረጣል። ለአጭር ጊዜና ለጉዞ ወፍራም የፕላስቲክ ሣጥን ይበቃል። በሁለቱም ጥይቱ ከዝናር ወጥቶ፣ ደርቆ፣ በደረቅ ቀን ይታሸግ፤ እርጥበት መጣጭ ይጨመርበት፤ ጎማው በየዓመቱ ይታይ። ከሣጥኑ ዓይነት ግን የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ቦታውና ዕድሜው ናቸው። ሣጥኑ ከበረት፣ ከምድጃና ከሕፃናት የራቀ፣ ቀዝቃዛና ጥላ ያለው ተቆላፊ ቦታ ይፈልጋል። ዕድሜው የማይታወቅ፣ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ አረንጓዴ ያወጣ ወይም ሲከፈት የሚቆጠቁጥ የአሲድ ሽታ ያለው ጥይት መጠገንም መሞከርም የለበትም። በእርሻና በወንዝ ዳር የተገኘም ቢሆን ሳይነኩ ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። ጥይት መያዝ ራሱ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑም አይዘነጋ።

ከዚህ ስሌት ውስጥ ስለ ግፊት፣ ስለ ጤዛና ስለሚተነፍስ ክዳን የተነገረው ለዘር እህልም ለመድኃኒትም በእኩል ይሠራል፤ ተማሪዎችም በቤታቸው ባለ ጄሪካንና የቆርቆሮ ሣጥን ሊፈትኑት ይችላሉ። የባሩዱን መፈራረስ ግን ማንም በቤቱ ሊፈትነው አይገባም። ሣጥን ውኃን ይከለክላል፤ ዘመንን ግን አይከለክልም። ጥይት የሚያስቀምጥ ሁሉ ከሣጥኑ ላይ የታሸገበትን ዓመት ቢጽፍ፣ ከብረትና ከፕላስቲክ ምርጫ የበለጠ ቤተሰቡን ይጠብቃል።